«የተዘጋ ዶሴ» አይደለም ወንድሜ፣ የተዳፈነ ነው (ለአንድ የመጽሐፍ ትችት ምላሽ)

ሰሞኑን ስለ አንድ የአውስትራሊያ የወንጀል ልብወለድ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩና ሁለት ቀን ዝም ለማለት ሞክሬ አቃተኝ። መጽሐፉ የጋሪ ዲሸር «አንደር ዘ ኮልድ ብራይት ላይትስ» ነው፣ በግርድፉ «በቀዝቃዛው ደማቅ መብራት ስር» እንበለው፣ 2017 ላይ ወጣ (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የኛን እጠቅሳለሁ)። አለን አውል የሚባል ጡረታ ወጥቶ የነበረ የሜልበርን የግድያ መርማሪ ወደ ስራ ይመለስና ሳይፈቱ የቀሩ የድሮ ግድያዎች ላይ ይመደባል፣ ወጣቶቹ ባልደረቦቹ እንደተጠገነ ጎማ እያዩት ያላግጡበታል፣ እሱ አቧራ እያራገፈ ይቆፍራል። በቃ ታሪኩ ይሄ ነው።

ጸሐፊው ወንድማችን ያለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የተዘጋ ዶሴ» መክፈት የሚባለው ነገር ከእውነት የራቀ ነው፣ ሰላሳ ዓመት ያለፈውን ማን ይቆፍራል፤ ዲኤንኤ ባለበት ዘመን ማሽን በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ያን ሁሉ ገጽ ማንዘላዘል ነው፤ ዋናው ሰውዬ ቤት ያሉት ተከራዮችና የፍቺ ክርክሩ ወጡን ለማብዛት የተጨመረ ውሃ ነው፤ አውስትራሊያ ሰላም አገር ስለሆነች የወንጀል ልብወለድ ባህል የላትም፣ ከእንግሊዝና ካሜሪካ የተኮረጀ ነው፤ መጨረሻ ላይ ደሞ ፖሊሱ ራሱ ሕግ ስለሚጥስ መጽሐፉ ክፉ ያስተምራል። በመሀል «ግማሹ ላይ ስልችት ብሎኝ ተውኩት» ብሎ በሃቅ ጽፏል፣ እዚች ነገር ላይ እመለሳለሁ።

ከቃሉ ልጀምር ምክንያቱም ስህተቱ ሁሉ ከዚ ነው የሚነሳው። ፈረንጆቹ «የተዘጋ» አላሉም እኮ፣ ያሉት «ቀዝቃዛ» ነው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያሳድሩት የለ? ላዩን ስታየው አመድ ነው፣ በእጅህ ብትነካው አይፈጅህም፣ ጠዋት ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ግን ይቀጣጠላል። ኮልድ ኬዝ ማለት እሱ ነው፣ የተዳፈነ ዶሴ። (ማዳፈን ሲባል ሆን ብሎ መደበቅም አለበት፣ እሱም ቢሆን እውነት ነው፣ አንዳንዱ ዶሴ የቀዘቀዘው ፖሊሱ ራሱ ስለተኛበት ነው።) ያልተፈታ ግድያ አውስትራሊያ ውስጥ አይዘጋም፣ ሊዘጋም አይችልም፣ ምክንያቱም ለግድያ ይርጋ የላቸውም። ዛሬ ይሁን ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ማስረጃ ከተገኘ ክስ አለ።

እኛ ግን ከይርጋ አገር ስለመጣን አይገርመኝም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) በሞት ወይ በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት ይርጋ ያስቀምጣል፣ ከዛ በላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ይርጋ አያግዳቸውም ብሎ የለያቸው በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ናቸው። ስለዚ «ሰላሳ ዓመት አልፎታል» ስንል ጆሯችን ላይ «አለቀ» የሚል ድምፅ ነው የሚሰማን። ይሄ የኛ ጆሮ እንጂ የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም። ይርጋ ምን ያህል ነገር እንደሚቀይር ማየት ከፈለክ ደሞ እዚሁ ሜልበርን ኮሊንግዉድ ሰፈር ኢዚ ስትሪት የሚባለውን መንገድ ተመልከት፣ ጥር 1977 ሁለት ወጣት ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ፣ የአንደኛዋ ህፃን ልጅ እዛው ቤት ውስጥ ነበር። ከ47 ዓመት በኋላ መስከረም 2024 ላይ አንድ ተጠርጣሪ ሮም ኤርፖርት ተያዘ። ለምን ሮም? ሰውዬው ይኖር የነበረው ግሪክ ነው፣ የግሪክ ሕግ ደሞ ለግድያ ክስ የ20 ዓመት ገደብ ስላለው እዛ እያለ ሊነኩት አልቻሉም፣ ጣልያን እስኪገባ ተጠበቀ። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ እኔ ምንም አልልም። ግን አየህ፣ ሜልበርን ያለው ዶሴ 47 ዓመት ሙሉ ክፍት ነበር፣ አቴንስ ላይ ቢሆን ከተዘጋ ቆይቷል። አንተ «ከእውነት የራቀ» ያልከው ይሄን ነው።

«ማን ይቆፍራል» ላልከው ቃል በቃል ልመልስልህ፣ ቆፍረዋል፣ ግንቦት 2021፣ አደሌድ፣ ዌስት ቴራስ መቃብር። ታሪኩን ሳትሰማው አትቀርም፦ ታህሳስ 1 ቀን 1948 ጠዋት ሶመርተን ባህር ዳርቻ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ፣ የባህር ዳሩን ግንብ ተደግፎ የሞተ ሰውዬ ተገኘ። መታወቂያ የለው፣ ቁስል የለው። ቆይቶ ሱሪው ውስጥ ካለች ስውር ኪስ ተጠቅልላ የተሸጎጠች ቁራጭ ወረቀት ወጣች፣ «ታማም ሹድ» ትላለች፣ በፋርስኛ «ተፈጸመ» እንደማለት ነው፣ ከግጥም መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ የተቀደደች። ከዛ ወዲያ ሰላይ ነው፣ ሩሲያ ነው፣ መርዝ ነው፣ ኮድ ነው፣ ያልተባለ ነገር የለም፣ ባቡር ጣቢያ ከተገኘው ሻንጣው ውስጥ ባለ ሌላ ክራቫት ላይ «ኪን» የሚል ስም ስላለ እሱም ራሱን የቻለ ትንታኔ ወጣለት።

ደሬክ አቦት የሚባሉ የአደሌድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ይሄን ነገር ያዙና ዓመታት ፈጁበት። ፖሊስ 1949 ላይ ሳይቀብረው በፊት ፊቱን በጀሶ ቀርጾት ነበር፣ ጀሶው ውስጥ ደሞ የሰውዬው ፀጉር ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፣ ማንም ሆን ብሎ ያስቀመጠው ማስረጃ አይደለም፣ እንዲሁ ተጣብቆ የቀረ ፀጉር። ከሱ ነው ዲኤንኤ ያወጡት። ሐምሌ 2022 ላይ አቦትና ኮሊን ፊትዝፓትሪክ የምትባል አሜሪካዊት የዘር ሐረግ አጥኚ ሰውዬው ካርል ዌብ ነው አሉ፣ የኤሌክትሪክና የመሳሪያ ሰራተኛ፣ 1905 ላይ የተወለደ፣ የት መሰለህ? ፉትስክሬይ! እኛ የሜልበርን ሐበሾች እንጀራና ሽሮ የምንገዛበት ፉትስክሬይ፣ እዚ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በየሳምንቱ የሚመላለስበት። ዓለም ሁሉ የሩሲያ ሰላይ ሲለው የነበረው ሰውዬ የሰፈራችን ልጅ ሆኖ አረፈ። (ፖሊስ ያኔ የራሱን ምርመራ እስኪጨርስ ብሎ አላጸደቀውም፣ ይሄም መባል አለበት።) ክራቫቱ ላይ ያለው «ኪን»ስ? የእህቱ ባል ስም ኪን ነው። ያማቹን ክራቫት ነው የያዘው እንግዲህ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ የስለላ ምስጢር የተባለው ነገር ከዘመድ የተረፈ ልብስ ሳይሆን አይቀርም።

ይሄ ሁሉ ከዲሸር መጽሐፍ ጋር ምን አገናኘው ካልከኝ፣ የመጽሐፉን መጀመሪያ አስታውስ፣ እሱንማ አንብበሃል። ከሜልበርን ወጣ ብሎ ፒርስዴል አካባቢ ገጠር፣ ህፃን ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ እባብ ይገባል፣ እባቡ ሲሚንቶ ንጣፍ ስር ገብቶ ይጠፋል፣ እባብ የሚይዝ ሰው ይጠራል፣ ንጣፉ ሲፈነቀል እባቡን ሲጠብቁ የሰው አጽም ይወጣል። አንተ «አጋጣሚ የበዛበት» ብለህ አለፍከው። ታዲያ ጀሶ ውስጥ የተጣበቀ ፀጉርስ ምንድነው? የተዳፈነ ዶሴ የሚገለጠው እንዲህ ነው፣ ሊቅ መርማሪ ሲጃራ እያጨሰ አስቦ አስቦ ብልጭ ብሎለት አይደለም። ለዚህም ነው ዲሸር አውልን ጀግና ያላደረገው፣ ሰውዬው ታጋሽ እንጂ ጂኒየስ አይደለም።

ዲኤንኤው ጋ ስንመጣ ግን በጣም ነው የተሳሳትከው። «ማሽኑ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል» ስትል እኮ ማሽኑ ስም የሚናገር ነው የመሰለህ። አይናገርም። ፐርዝ ውስጥ ክሌርሞንት በሚባል ሰፈር 1996 እና 1997 ላይ ሦስት ወጣት ሴቶች ማታ ከመዝናኛ ሲወጡ ጠፉ፣ የሁለቱ አስከሬን ተገኘ፣ የአንዷ እስከዛሬ የለም። አገሪቱ ውስጥ ከታዩት ትላልቅ ምርመራዎች አንዱ ነው። 2008 ላይ ከአንዷ ሟች ጥፍር ስር የተወሰደ ናሙና እንግሊዝ አገር ተልኮ የወንድ ዲኤንኤ ወጣ፣ 1995 ላይ ካራካታ መቃብር ውስጥ ከተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ጋርም አንድ ሆነ። ጉድ ነው አይደል? አለቀ አይደል? አላለቀም! ዲኤንኤው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ መዝገብ ላይ የለማ። ስምንት ዓመት እንደገና ቁጭ።

የፈታው ምንድነው፣ ኪሞኖ (የጃፓኖች ቀሚስ መሳይ ልብስ)። 1988 ላይ ሀንቲንግዴል ሰፈር አንድ ሰው ማታ ቤት ሰብሮ ገብቶ የተኛች ልጅ ላይ ጥቃት ሊያደርስ ሲል ስትታገለው ሮጦ አመለጠ፣ ሲሮጥ የሐር ኪሞኖ ጥሎ ሄደ። ያን ኪሞኖ አንድ ፖሊስ አንስቶ ከረጢት ውስጥ ከተተው፣ መጋዘን ገባ፣ እዛው ሃያ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። አስበው፣ ማንም ያልሞተበት፣ ምንም ያልተሰረቀበት ጉዳይ ነው፣ መጋዘን ሲጸዳ ቢጣል ማንም አይጠይቅም። 2016 መጨረሻ ላይ ሲመረመር ዲኤንኤው ገጠመ፣ በዛው ሰሞን በዛው ሰፈር ከተፈጸሙ የቤት ሰበራዎች የቀረ የጣት አሻራ ደሞ ስም ሰጠ፣ ብራድሊ ኤድዋርድስ። ከመያዙ በፊት ፖሊሶች ተከታትለውት ሲኒማ ቤት ጠጥቶ የጣለውን የስፕራይት ጠርሙስ ከቆሻሻ አንስተው ነው ያረጋገጡት። መስከረም 2020 በሁለቱ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፣ ዕድሜ ልክ፣ 40 ዓመት ሳይሞላው አመክሮ መጠየቅ አይችልም። በሦስተኛዋ ግን ዳኛው ማስረጃው አይበቃም ብለው ነጻ አወጡት። ስለዚ አንድ ቤተሰብ ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆ ያን ሁሉ ችሎት ተቀምጦ ሰምቶ ባዶ እጁን ሄደ ማለት ነው። አንተ ደሞ መጽሐፉን «ሁሉንም ክር አይቋጥርም» ብለህ ነጥብ ቀነስክበት።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ለኛ ቅርብ ነው። ዲኤንኤ ስም ሲናገር እንኳ ሊሳሳት ይችላል። ሜልበርን ውስጥ አንድ ሶማሊያዊ ወጣት 2008 ላይ በአስገድዶ መድፈር ስድስት ዓመት ተፈረደበት። 2006 ላይ አንዲት ሴት ምሽት ክበብ ሽንት ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ተገኘች፣ በሩ ከውስጥ የተቆለፈ ነበር፣ ሴትየዋ ምንም አታስታውስም፣ እሱን ክበቡ ውስጥ ያየው አንድም ሰው የለም፣ እሱ ያን ማታ ቤት የታመመ አባቴ አጠገብ ቁርዓን እየቀራሁ ነበር አለ፣ ቤተሰቡም መሰከረ። ዲኤንኤው ግን የሱ ነው። ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) ማንን ያመነ ይመስልሃል? ማሽኑን ነዋ። ከአንድ ዓመት በላይ እስር በኋላ ሲጣራ፣ ናሙናው የተወሰደበት ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ከአንድ ቀን ትንሽ አለፍ ብሎ በፊት ከሱ ጋር በሌላ ጉዳይ ከተገናኘች ሌላ ሴት ናሙና ተወስዶ ነበር፣ ሐኪሙም ክፍሉም አንድ፣ ተበካክሏል። ታህሳስ 2009 ፍርዱ ተሻረ፣ ፍራንክ ቪንሰንት የሚባሉ ጡረተኛ ዳኛ 2010 ባወጡት ሪፖርት ላይ ጭራሽ ወንጀል ስለመፈጸሙ ራሱ ጥርጣሬ አላቸው። እንግዲህ «ለምን ሰውዬው ማሽኑን ከማመን ምስክር እያሳደደ ይዞራል» ስትል የምትጠይቀው ይሄን ነው። አውል የሚዞረው ሰው ስለሚበልጥ ነው።

ደሞ የቆየ ጉዳይ ላይ ሰው ከማሽን የሚሻልበት ሌላ ምክንያት አለ፣ ሰው ይለወጣል። ያኔ ያፈቀረው ዛሬ ይፈታል፣ ያኔ የሚፈራው ሰው ዛሬ ሞቷል፣ ያኔ ለባሏ የዋሸችው ዛሬ የሌላ ሚስት ናት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን አይደል፣ ተረቱ ደስ ይላል ግን ንጋት በራሱ ይጠራል፣ እውነት በራሷ አትጠራም፣ የሚጠይቃት ትፈልጋለች። ሊኔት ዶውሰን የምትባል የሲድኒ እናት ጥር 1982 ጠፋች። ባሏ ትታን ሄደች አለ። 2001 እና 2003 ላይ ሁለት ኮሮነሮች (የአሟሟት መንስኤ የሚያጣሩ ዳኞች ናቸው) በየተራ ተገድላለች ብለው ጉዳዩን ወደ ዐቃቤ ሕግ መሩት፣ ዐቃቤ ሕግ አይበቃም አለ። 2018 ላይ አንድ ጋዜጠኛ ፖድካስት ሰራ፣ ሚሊዮኖች ሰሙት፣ ጎረቤት የነበረ፣ አብሮ የሰራ፣ ያኔ ማንም ያልጠየቀው ሰው ሁሉ እየተነሳ መናገር ጀመረ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ባልየው ተያዘ፣ ነሐሴ 2022 በግድያ ጥፋተኛ ተባለ፣ 24 ዓመት። አስከሬኗ እስከዛሬ አልተገኘም።

እኔ ይሄን ሳይ ትዝ የሚለኝ አውጫጭኝ ነው። አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው ስሙ እስኪጠራ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ሰብል ይበላሽ፣ ከብት ይራብ። ፖድካስቱ አገር ያህል አውጫጭኝ ነው የሆነው። የአውጫጭኝ ችግርም አብሮ መጣ፣ የሰው አፍ ሁሉ ምስክር አይደለም፣ ወሬው ፍርዱን ሊያበላሽ ነው ተብሎ ዳኛዋ ችሎቱን ለወራት አግደውት ነበር፣ በመጨረሻም ጉዳዩ ያለ ጁሪ በዳኛ ብቻ ታየ። በዲሸር መጽሐፍ ውስጥ ፖድካስት የለም፣ ስልክ ነው ያለው። ኤልፊክ የሚባል የሞተ ገበሬ ልጆች የሆኑ እህትማማቾች በየዓመቱ አባታቸው በሞተበት ቀን ለአውል ይደውላሉ፣ አዲስ ነገር አለ ወይ ይላሉ፣ የለም ይባላሉ፣ አመስግነው ይዘጋሉ። አንተ ይሄን «ተደጋጋሚ» ብለሃል። ወንድሜ፣ መርዶ ሳይመጣ የሚጠብቅ ሰው አይተህ አታውቅም? ተዝካር ሳይወጣለት፣ ይሙት ይኑር ሳይታወቅ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና የምትል እናት? መደጋገሙ እኮ ነው ታሪኩ። እኔ መጽሐፉ ውስጥ ካለው ሁሉ ያቺ የስልክ ጥሪ ናት ያስቆመችኝ፣ ባቡር ውስጥ ነበርኩ፣ መውረጃዬን አለፍኩ።

ተከራዮቹ ውሃ ናቸው ላልከው ባጭሩ። አውል ካርልተን ውስጥ ከወላጆቹ የወረሰው ሰፊ አሮጌ ቤት አለው፣ መሄጃ ያጣውን ሁሉ ያስገባል፣ የተለያት ሚስቱ እንኳ ስትፈልግ መጥታ ታድራለች፣ ከነዚህ ውስጥ ከባሏ ሸሽታ ልጇን ይዛ የመጣች ሴት አለች፣ ፍርድ ቤት ልጅቷን ለማን እንስጥ እያለ ነው። ይሄ ከግድያ ምርመራው ጋር አይገናኝም ያልከው አውስትራሊያን ስላላየኻት ነው። ከዛ እባብ ከገባበት ፒርስዴል ብዙም ሳይርቅ ታያብ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ የካቲት 2014 ላይ እዛ የክሪኬት ሜዳ ላይ ከልምምድ በኋላ አንድ አባት የ11 ዓመት ልጁን በሰው ፊት ገደለው። እናትየዋ ሮዚ ባቲ በሚቀጥለው ዓመት የዓመቱ ምርጥ አውስትራሊያዊት ተባለች፣ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሮያል ኮሚሽን (ትልቅ የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን) አቋቋመ፣ 2016 ላይ 227 ምክረ ሐሳብ ይዞ ወጣ። መጽሐፉ የወጣው ከዛ ዓመት በኋላ ነው። እዛ ሰሞን ሜልበርን የነበረ አንባቢ ያቺን ሴት ከነልጇ አውል ደጃፍ ላይ ሲያያት ውሃ ነች አይልም፣ ነገ የሚዳፈነው ዶሴ ዛሬ እንዴት እንደሚጀመር ነው እያየ ያለው።

«ባህል የላቸውም፣ ኮርጀው ነው» ያልካትን ግን ስስቅ ነው ያነበብኳት። ፈርገስ ሂዩም የሚባል ሰው «የሃንሰም ጋሪው ምስጢር» የሚለውን ልብወለድ ሜልበርን ላይ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው 1886 ነው፣ ሼርሎክ ሆምስ ገና አልተወለደም፣ የመጀመሪያው የሆምስ ታሪክ የወጣው 1887 ነው። መጽሐፉ ለንደን ሄዶ እንደ ጉድ ተሸጠ፣ ሂዩም ግን ቀድሞ መብቱን በ50 ፓውንድ ሸጦት ስለነበር እጁን አጨብጭቦ ቀረ። ማን ከማን ኮረጀ እንግዲህ።

እውነተኛ ኩረጃ ከፈለክማ ሌላ ልንገርህ። አርተር አፕፊልድ የሚባል ደራሲ 1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ጥንቸል መከላከያ አጥር ላይ ሲሰራ ለሚጽፈው ልብወለድ «ሬሳን አሻራ ሳይተው እንዴት ማጥፋት ይቻላል» እያለ ከሰራተኞቹ ጋር ማታ ማታ ሲወያይ ነበር፣ ማቃጠል፣ አመዱን በወንፊት መንፋት፣ የቀረውን ብረት አሲድ ውስጥ መክተት። ስኖዊ ሮውልስ የሚባል ከብት ጠባቂም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሰዎች ከአካባቢው ጠፉ። ሮውልስ ግን ትምህርቱን በደንብ አልተከታተለም፣ የመጨረሻውን ሰውዬ የጋብቻ ቀለበት አመዱ ውስጥ ተወው። አፕፊልድ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ፣ ሮውልስ 1932 ላይ ተሰቀለ። ሰላም አገር ነች ትለኛለህ።

መጨረሻው ላይ ግማሽ ግማሽ እስማማለሁ። አዎ፣ አውል መስመሩን ያልፋል፣ ሕጉ ያልደረሰበት ቦታ ራሱ ይደርሳል፣ እንዴት እንደሆነ ላላነበበው አላበላሽም። ሳነብ እኔንም ደስ አላለኝም። ግን ዲሸር እልል አላለለትም እኮ፣ ሙዚቃ የለም፣ «ይገባዋል» የሚል ሰው የለም፣ ሰውዬው ያደርገዋል፣ በማግስቱ ስራ ይገባል፣ አንተ አንባቢው ሆድህ እየተላወሰ ትቀራለህ። የደም ዕዳ በሽማግሌ ካልታረቀ በደም ይመለስ በሚባልበት አገር ያደገ ሰው ይሄን ስሜት ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ እና ደራሲው ያን ስሜት ቀስቅሶብህ ምን ልታደርገው ነው ብሎ ትቶህ ሲሄድ ክፉ አስተማረ አይባልም። እኔ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው፣ ጉዳዩ በዛ። አጽሙ አለ፣ ገበሬው አለ፣ ሚስቶቹ የሚሞቱበት ዶክተር አለ፣ ሸሽታ የመጣችው አለች፣ ከነዚህ አንዱን ለሌላ መጽሐፍ ቢያቆየው ኖሮ ያቺ አጽም የሚገባትን ያህል ቦታ ታገኝ ነበር። ይሄን ብትጽፍ አብሬህ እፈርም ነበር።

አሁን ወደዛች ነገር ልመለስ። ግማሹ ላይ ተውኩት ብለሃል፣ ደሞ መጨረሻው ክፉ ያስተምራል ብለሃል። መጨረሻውን ማን ነገረህ? እዛው ጽሑፍህ ውስጥ ደሞ የኤልፊክ ልጆች ጥሪ «ምንም ሳያመጣ ይቀራል» ብለሃል፣ ይሄን እንኳ ማንም ሊነግርህ አይችልም ምክንያቱም ልክ አይደለም። የኔ ኮፒ ጠርዙ ቡና የነካው ነው እንጂ ገጹ ሙሉ ነው፣ ፉትስክሬይ በመጣህ ጊዜ ውሰደው፣ ካቆምክበት ቀጥልና ስልኩ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ።